የቪትዟ ቴፕና ስፒከር፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

መጋቢት፣ የመጀመሪያው ቅዳሜ። ያለውን ማየት

መኪናዋ ቪትዝ ናት፣ ባለ 1.0 ሊትሯ፣ ሦስት ሲሊንደር። እኔና ታላቅ እህቴ እየተፈራረቅን እንነዳታለን። ቴፑ ከጃፓን አብሯት የመጣ ነው፤ ሜኑው ጃፓንኛ፣ ሬዲዮው ደግሞ ከ76 እስከ 90 ሜጋኸርዝ ብቻ የሚይዝ። እኛ የምንሰማቸው ጣቢያዎች ሁሉም ከ90 በላይ ናቸው። ለዚህ ነው ብዙ ቪትዝ ላይ ከቴፑ ጀርባ ኤክስፓንደር የምትባል ትንሽ ሳጥን የምትገኘው። አንቴናው መስመር ላይ ትገባና ጣቢያውን ወደ ታች አውርዳ ለቴፑ ታቀብለዋለች።

የእኛዋ የምታወርደው በ14 ሜጋኸርዝ ነው። ሸገር 102.1ን ለመስማት 88.1 ላይ፣ ፋና 98.1ን ለመስማት 84.1 ላይ ማቆም ነው። አፍሮ 105.3 እና ኢትዮ ኤፍኤም 107.8 ግን ወርደውም 91.3 እና 93.8 ላይ ስለሚያርፉ ቴፑ አይደርስባቸውም። ይህን ሁሉ ለእህቴ ሳስረዳት «ሬዲዮ ልስማ አልኩህ እንጂ ሒሳብ አስተምረኝ አልኩህ?» አለችኝ።

ድምፁም ቢሆን የሚያስደስት አይደለም። ስፒከር ያለው በፊት በሮች ላይ ብቻ ነው። የቀኙ በር ሲከፈትና ሲዘጋ አንዳንዴ ሁለቱም ስፒከሮች አብረው ጸጥ ይላሉ። አንዱ ብቻ ቢሆን ስፒከሩ ተቃጥሏል እል ነበር፤ ሁለቱም አብረው መጥፋታቸው ነው ያጠራጠረኝ። ይህን እዚህ ልጻፈውና ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና ማስገባት በ2016 ከተከለከለ ወዲህ አሮጌዋን አድሶ መያዝ ነው ያለው አማራጭ። እቅዱ፦ አዲስ አንድሮይድ ቴፕ፣ የፊት ስፒከሮች መቀየር፣ ለኋላ በሮች ሽቦ ዘርግቶ መተው።

ግዢ

መርካቶ። መጀመሪያ የማወቅ ነገር ልኩ ነው። ተራው ደብል ዲን ቴፕ 178 በ100 ሚሊ ሜትር ሲሆን የቶዮታ ቀዳዳ ግን ወርዱ 200 ነው። ተራውን ከገዛችሁ በግራና በቀኝ ወደ 11 ሚሊ የሚጠጋ ክፍተት ይተርፍና የጎን ፕላስቲክ ፍለጋ ትሄዳላችሁ። ስለዚህ 200 በ100 የሆነውን፣ ባለ 7 ኢንቹን ወሰድኩ፤ 14,500 ብር።

ካርቶኑ ላይ «4×60 ዋት» ይላል። ከጀርባው ያለው ፊውዝ ግን 10 አምፒር ነው። ሞተር ተነስቶ 14.4 ቮልት ቢያገኝ 14.4 ሲባዛ በ10፣ 144 ዋት መግባቱ ነው። 144 ዋት የሚገባበት ዕቃ እንዴት አድርጎ 240 ያወጣል? በሌላ መንገድም ይሰላል። ኮንቨርተር (ቮልቱን ከፍ የሚያደርግ ክፍል) የሌለው አምፕሊፋየር ከ14.4 ቮልት በላይ ስለማያገኝ ንጹህ የድምፅ ሞገድ ሲያወጣ ቢበዛ 10 ቮልት ገደማ አማካይ (አርኤምኤስ) ይሰጣል። ያ በ4 ኦም ስፒከር ላይ 26 ዋት ነው፤ ሳይንኮሻኮሽ ከሆነ ደግሞ 20 እንኳን አይሞላም። ሻጩን ስጠይቀው «ወንድሜ፣ እኔ የማውቀው ካርቶኑ ላይ ያለውን ነው» አለኝ። ሐቀኛ ሰው ነው፣ ከሱው ገዛሁ።

በዚህ ምክንያት ስፒከር ስመርጥ «300 ዋት» የሚለውን ትቼ ሴንሲቲቪቲውን፣ ማለትም በተሰጠው ኃይል ምን ያህል እንደሚጮህ አየሁ። አንዱ 88 ዴሲቤል፣ ሌላው 91። የ3 ዴሲቤል ልዩነት ኃይልን እጥፍ እንደማድረግ ነው፤ 20 ዋት ብቻ ላለው ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው። ባለ 91ዱ፣ 6.5 ኢንች፣ ጥንዱ 4,200 ብር።

ባለ ጥንድ ሽቦ፣ 2×0.75 ካሬ ሚሊ ሜትር፣ ሜትሩ 55 ብር፣ 20 ሜትር። ሽቦ ስትገዙ ጫፉን በምላጭ ፋቅ አድርጉት። ላዩ መዳብ መስሎ ውስጡ ነጭ ከሆነ አሉሚኒየም ነው፤ ዋጋው ይረክሳል፣ በር ውስጥ ሲተጣጠፍ ግን ቶሎ ይበጠሳል። ላዩ ነጭ ሆኖ ውስጡ ቀይ ከሆነ ግን ቆርቆሮ የተቀባ ንጹህ መዳብ ነው፣ አትፍሩት። ለቶዮታ የሚሆን ባለ 10 እና ባለ 6 ፒን ሶኬት ከነሽቦው 450፤ ናስትሮ፣ ሽሪንክ (ሲሞቅ ተኮማትሮ መገጣጠሚያውን የሚሸፍን ቱቦ)፣ ሊድና ማሰሪያ ላስቲክ በድምሩ 600። ድሪልና ሶልደሪንግ አይረን ከጓደኛ ተዋስኩ።

ቀጣዩ እሑድ። ዳሽቦርዱን መክፈት

መጀመሪያ የባትሪውን ኔጋቲቭ ነቅዬ ከ90 ሰከንድ በላይ ጠበቅሁ። ኤርባጉ ኃይል አጠራቅሞ ስለሚይዝ ቶዮታ ራሱ የሚያዘው ይህንኑ ነው። በቢጫ ሽፋን የተጠቀለሉት ሽቦዎች የኤርባግ ናቸው። አልተነኩም፣ በመልቲሜትርም አልተለኩም።

ቪትዝ በዚህ ስሟ ለጃፓን ገበያ የተሠራች ናት፤ ውጭ ያለችው ያሪስ ትባላለች። ስለዚህ ቪትዝ ከፋብሪካ የምትወጣው መሪዋ በቀኝ ሆኖ ነው። የእኛዋ መሪዋ የተዛወረው ዱባይ ነው። የፍጥነት ሜትሩ መሃል ላይ ስለሆነ ከፊት ለፊት ብታዩት ምንም የተነካ አይመስልም። ጉዱ ያለው ከኋላ ነው። ሽቦዎቹ ተቆርጠው፣ ረዝመው፣ እንደገና ተቀጥለዋል፤ ለመቀጠያ የዋለው ደግሞ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ቀይ ሽቦ። የቴፑ ሶኬት ተቆርጦ ተጥሎ ሁሉም ነገር ተጠምዝዞ በናስትሮ ተጠቅልሏል። የናስትሮው ሙጫ በሙቀት ቀልጦ ጣቴ ላይ ተለጠፈ።

ኢንተርኔት ላይ ያለው የቶዮታ ቀለም ዝርዝር ትክክል ነው፣ መሪዋ ያልተነካ መኪና ላይ። ቋሚው 12 ቮልት ሰማያዊ ባለ ቢጫ መስመር፣ ኤሲሲ (ቁልፍ ሲዞር ብቻ የሚመጣው 12 ቮልት) ግራጫ፣ ግራውንድ (ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ የሚመለሰው) ቡናማ። የፊት ግራ ስፒከር ሮዝና ሐምራዊ፣ የፊት ቀኝ ነጣ ያለ አረንጓዴና ሰማያዊ። ከገበያ የሚገዛው ቴፕ ደግሞ የራሱ አለው፦ ቋሚው ቢጫ፣ ኤሲሲ ቀይ፣ ግራውንድ ጥቁር፣ የፊት ግራ ነጭ፣ የፊት ቀኝ ግራጫ። ግራጫውን ልብ በሉ። በቶዮታ በኩል ግራጫ 12 ቮልት ነው፤ በአዲሱ ቴፕ በኩል ግራጫ የስፒከር መውጫ ነው። ግራጫን ከግራጫ ያገናኘ ሰው 12 ቮልት በቀጥታ አምፕሊፋየሩ ሆድ ውስጥ ላከ። ሰማያዊም እንደዚሁ፦ አንዱ ጋ የስፒከር ኔጋቲቭ፣ ሌላው ጋ ለአንቴና 12 ቮልት የሚያወጣ።

ስለዚህ ቀለም የሚባል ነገር ከሥራው ወጣ። ባትሪውን መልሼ እያንዳንዱን ጫፍ በመልቲሜትር ለካሁ። ቁልፍ ሳይገባም 12 የሚያሳየው ቋሚ፤ ቁልፉ አንድ እርምጃ ሲዞር የሚመጣው ኤሲሲ፤ የፓርኪንግ መብራት ሲበራ ብቻ የሚመጣው የቴፑ መብራት መስመር። ከዚያ ባትሪውን ነቅዬ በኦም፦ ከቦዲው ጋር ዜሮ የሚያሳየው ግራውንድ፣ እርስ በርሳቸው 3.4 ኦም የሚያሳዩት የስፒከር ጥንዶች። ባለ 4 ኦም ስፒከር በመልቲሜትር ሁልጊዜ ከ4 ዝቅ ብሎ ነው የሚታየው፤ ይሄ ጤነኛ ነው።

የትኛው ጥንድ ለየትኛው በር እንደሆነ ለማወቅ አንድ ተራ የ1.5 ቮልት ድንጋይ ይበቃል። ጫፎቹን ሽቦው ላይ ነካ ስታደርጉ ስፒከሩ «ጠቅ» ይላል። ሁሉም ላይ የቁስል ፕላስተር ለጥፌ በእስክሪብቶ ስሙን ጻፍኩ። የቁስል ፕላስተር ቀለም ይቀበላል፣ ናስትሮ አይቀበልም።

የዚያው ሳምንት ማታ። አምፖሉ ያጋለጠው

የሠፈራችን ኤሌትሪሽያን በግቢው በር ሲያልፍ ገባ ብሎ አየኝ። መልቲሜትሩን ሳሳየው «ጥሩ ነው ልጄ፣ ግን እሱ ብቻውን ያታልልሃል። የፍሬን አምፖል አምጣ» አለ።

«ጋሼ፣ 12.4 እያሳየኝ ነው እኮ።»

«ሥራ አሸክመውና እይ።»

ባለ 21 ዋት አምፖል በቋሚው መስመርና በግራውንዱ መካከል ስናስገባ ቮልቱ ወደ 8 ወረደ፤ አምፖሉም ደብዝዞ ብርቱካንማ ሆነ። መልቲሜትር ከሽቦው የሚወስደው ኃይል ከምንም የማይቆጠር ስለሆነ ሊበጠስ የደረሰ መገጣጠሚያም 12 ቮልት ያሳየዋል። አምፖሉ ግን ወደ 1.75 አምፒር ይስባል፤ የላላውን ወዲያው ያጋልጣል። መስመሩን እየተከተልን ስንፈታ ከጓንት ሳጥኑ ጀርባ የተጠመዘዘ ቅጥያ አገኘን፤ መዳቡ አረንጓዴ ሻግቷል። ቆርጠን፣ ፍቀን፣ በሊድ በየድነው። አምፖሉ ቦግ አለ፣ 12.2።

እንግዲህ አዲሱን ቴፕ በዚያ መስመር አስገብቼው ቢሆን ድምፅ ከፍ ባደረግሁ ቁጥር እየጠፋ ይነሳ ነበር፤ እኔም ቴፑን ይዤ ሻጩ ጋ ሄጄ እጨቃጨቅ ነበር።

የሶኬቱ ሥራ

ይህን መኪና ውስጥ ተጎንብሶ መሥራት ወገብ መቁረጥ ነው። የቴፑን ጅራትና የቶዮታውን ወንድ ሶኬት ቤት ጠረጴዛ ላይ አገናኘሁ፤ መኪናው ውስጥ የቀረው ሴቷን ሶኬት ከተለጠፈባቸው ሽቦዎች ጋር ማያያዝ ብቻ። ነገ ሌላ ቴፕ ቢመጣ ነቅሎ መሰካት ነው፣ የመኪናው ሽቦ ዳግመኛ አይቆረጥም። መገጣጠሚያዎቹን አንድ ቦታ ላይ አላደረግኋቸውም፤ አንዱን ረዘም ሌላውን አጠር አድርጌ ስቆርጣቸው ጥቅሉ አንድ ቦታ ላይ አያብጥም፣ ሽሪንኩ ቢቀደድም አጠገቡ ባዶ ሽቦ የለም። መሃል ላይ መብራት ጠፋ፤ የቀረው ለማግስቱ አደረ።

ቀኙ በር

ፓኔሉ ሁለት ብሎን አለው፤ ሌላው በፕላስቲክ ክሊፕ ነው የተያዘው። የድሮው ስፒከር በብሎን ሳይሆን በሪቬት ነው የታሰረው። የሪቬቱን ራስ በድሪል መብላት ያስፈልጋል፤ ብናኙ በር ውስጥ እንዳይቀር ከሥር እርጥብ ጨርቅ አነጠፍኩ።

አሁን ወደዚያ ሁለቱም ስፒከር አብሮ የመጥፋት ነገር። መልቲሜትሩን በድምፅ መፈተሻው ላይ አድርጌ አንዱን ጫፍ የስፒከሩ ሽቦ ላይ፣ ሌላውን ቦዲ ላይ ያዝኩና በሩን ቀስ ብዬ አወዛወዝኩት። ግማሽ ላይ ሲደርስ ጮኸ። በበሩና በምሰሶው መካከል ባለው የጎማ ቱቦ ውስጥ የኔጋቲቩ ሽቦ ልባሱ ተልጦ ላሜራውን ይነካል።

ኔጋቲቭ ቦዲ ቢነካ ምን ችግር አለው የሚል አለ። የድሮ መኪኖች ላይ የስፒከር ኔጋቲቭ ቦዲ ላይ ይታሰር ስለነበር ልማዱ ከዚያ የመጣ ነው። የዛሬ ቴፕ ግን የስፒከሩን ሁለቱንም ጫፎች ነው የሚነዳው። ቴፑ እየሠራ ሁለቱም ሽቦዎች ከቦዲው አንጻር የባትሪውን ግማሽ፣ 6 ቮልት ገደማ ይይዛሉ። አንዳቸው ቦዲ ሲነኩ ሾርት ነው፤ ቺፑ ራሱን ለመጠበቅ ሁሉንም መውጫ ይዘጋል። ሁለቱም አብረው ይጠፉ የነበረው ለዚህ ነው። መከላከያው ደካማ የሆነ ቺፕ ቢሆን ተቃጥሎ አርፎት ነበር።

በጎማ ቱቦው አዲስ ሽቦ ማሳለፍ ከሁሉም ያስቸገረ ሥራ ነው። ኤሌትሪክ ሠራተኞች ለቤት የሚጠቀሙበት የፕላስቲክ መጎተቻ ወፍራም ሆነብኝ። የሠራው የብስክሌት ፍሬን ካቦ ነው፤ ቀጭን ነው፣ ይታጠፋል፣ ግን አይልመጠመጥም። ጎማው ላይ ትንሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና ማድረግ ይረዳል።

ስፒከሩ ቀዳዳው ላይ በልኩ ገባ፤ መስታወቱን ወደ ታች ሳወርደው ግን ማግኔቱን ነካ። ወደ ውጭ 15 ሚሊ መምጣት አለበት። ከኮምፔንሳቶ ቀለበት መቁረጥ ይቻላል፤ ነገር ግን ክረምት ላይ በር ውስጥ ውኃ ይወርዳል፣ እንጨቱ ያብጣል። 350 ብር የፕላስቲክ መክተፊያ ገዛሁ፤ ከአንዱ ሁለት ቀለበት ይወጣል። እህቴ ለወጥ ቤት የገዛሁላት መስሏት አመስግናኝ ነበር።

ከፓኔሉ ሥር ያለውን ስስ ላስቲክ መልሶ መለጠፍ አይረሳ። ብዙ ሰው ቀዶ ይጥለዋል። ሥራው በመስታወቱ በኩል የሚገባውን ዝናብ ወደ በሩ ሥር መመለስ ነው። እሱ ከሌለ ሐምሌ ላይ ምንጣፉ ይበሰብሳል።

ግራው በር የቀኙ ግልባጭ ነው፤ የሚጻፍ ነገር የለውም።

መጋቢት መጨረሻ። የመጀመሪያው ድምፅ

ቴፑ በራ፣ ስፒከሮቹም ጮኹ። ግን ቀጭን ነው። ቤዝ የሚባል የለም። ባላንሱን ሙሉ በሙሉ ወደ ግራ ስወስደው ቤዙ መጣ፤ ወደ ቀኝ ስወስደውም መጣ፤ መሃል ላይ ሲሆን ይጠፋል። ይህ አንደኛው ስፒከር ፖዘቲቭና ኔጋቲቩ ተገልብጧል ማለት ነው፦ አንዱ አየሩን ሲገፋ ሌላው ይስበዋል፣ ወፍራሙ ድምፅ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። በ1.5 ቮልቷ ድንጋይ ከቴፑ በኩል ሞከርኩ። ፖዘቲቭ በፖዘቲቭ ሲነካ ሸራው ወደ ውጭ መውጣት አለበት። ቀኙ ወጣ፣ ግራው ወደ ውስጥ ገባ። መሪው ሲዛወር የተቀጠለው ቀይ ሽቦ ከቀይ ሽቦ ጋር ስለሚመሳሰል ማን ነው ማንን የሚያውቀው? ግራውን ገለበጥኩ። የልዩነቱን መጠን ለመናገር፣ እኔ ከስፒከሩ ለውጥ ይልቅ ይህኛውን ነው የሰማሁት።

ቀጥሎ ፉጨት። ሞተር ሲነሳ «ዊይይ» የሚል ድምፅ አለ፤ ነዳጅ ሲረገጥ አብሮ ይቀጥናል። ከዲናሞው የሚመጣ ነው። ገበያ ላይ ለዚህ ማጣሪያ ይሸጣሉ፣ አልገዛሁም። መጀመሪያ ሞተሩ ተነስቶ፣ ቴፑ እየሠራ፣ በቴፑ የብረት አካልና በባትሪው ኔጋቲቭ መካከል ያለውን ቮልት ለካሁ፦ 0.4። መሆን የነበረበት ከዜሮ ብዙም የማይርቅ ነው። የተቀጠለው ግራውንድ የታሰረው ዳሽቦርዱን በያዘ ቀለም በተቀባ ብረት ላይ ነበር። ከታች ወደ ቦዲው የሚገባ ብሎን ፈትቼ፣ ቀለሙን በብርጭቆ ወረቀት አንስቼ፣ አዲስ ግራውንድ እዚያ አሰርኩ። 0.02። ፉጨቱ የለም።

ስልክ በላይተር ቻርጀር እየተሞላ በኦክስ ገመድ ዘፈን ሲከፈት ብቻ ትንሽ ይመለሳል። ቻርጀሩና ገመዱ ሁለት የተለያየ ግራውንድ ስለሚፈጥሩ ነው። በብሉቱዝ ሲሆን የለም፤ ተውኩት።

ሬዲዮው

ኤክስፓንደሯ ወጣች። ቴፑ ሴቲንግ ውስጥ የሬዲዮ ክልል የሚል አለ፤ አውሮፓ ላይ ሲደረግ ከ87.5 እስከ 108 ይይዛል። የአሜሪካው ላይ ከሆነ በ0.2 እየዘለለ ጎዶሎውን ብቻ ነው የሚይዘው፦ 102.1 እና 98.1 ይገኛሉ፣ ኢትዮ ኤፍኤም 107.8 ግን ያመልጣል።

ቢሆንም ሁሉም ይንሾካሾካል። ጣሪያው ላይ ያለው አንቴና እግሩ ውስጥ ማጉያ አለው፤ 12 ቮልት ይፈልጋል። የድሮው ቴፕ ይሰጠው ነበር፣ አዲሱ ደግሞ የሚሰጠው በሰማያዊው ሽቦ ነው፤ እኔ ጫፉን በናስትሮ ዘግቼ ትቼው ነበር። ሳገናኘው 96.3፣ 97.1፣ 102.1፣ 107.8 ሁሉም ጠሩ። 94.3 ላይ ብቻ አንድ ርርርታ ቀረ። ርካሿን የላይተር ቻርጀር ስነቅል እሱም ሄደ። ቻርጀሯ ተቀይራለች።

ሚያዝያ። ባትሪው

መኪናዋ ፋሲካን ቆማ ሰነበተች። ስትነሳ ሞተሪኖው ደከም አለ። አሚሜትሩን በባትሪው ኔጋቲቭና በገመዱ መካከል አስገብቼ፣ በሮቹን ዘግቼ ጠበቅሁ፦ 180 ሚሊ አምፒር። የቪትዝ ባትሪ 35 አምፒር ሰዓት ነው፤ በዚህ አካሄድ በስምንት ቀን ባዶ ይሆናል፣ ሞተር ማስነሳት የሚያቅተው ደግሞ ከዚያ ብዙ ቀድሞ ነው። የውስጥ መብራቱንና የቴፑን ቋሚ መስመር የሚመግበው፣ ዶም የሚለው ፊውዝ ሲነቀል ወደ 15 ወረደ። የውስጥ መብራቱ ጠፍቷል፣ ስለዚህ ቴፑ ነው።

ሽቦው ደህና ነው። ችግሩ ሴቲንግ ነው። አንድሮይዱ ቁልፍ ሲጠፋ አይጠፋም፣ ይተኛል፤ በኋላ ቶሎ ለመነሳት። የእኛው ደግሞ እንቅልፉ ከባድ አይደለም። ኤሲሲ ሲጠፋ ሙሉ በሙሉ እንዲዘጋ ሳደርገው አጠቃላዩ 25 ሚሊ አምፒር ሆነ። በዚህ አንድ ወር ተኩል ቢቆምም ባትሪው ባዶ አይሆንም። በምትኩ ጠዋት ሲበራ ግማሽ ደቂቃ ያህል ያስጠብቃል፤ እህቴ እስካሁን አላጉረመረመችም።

ወጪ እስካሁን 21,200 ብር፣ ከአዲሷ ቻርጀር ውጪ። ለኋላ በሮች ሽቦው እስከ ምሰሶው ድረስ ተዘርግቶ ከምንጣፉ ሥር ተጠቅልሎ አለ፤ ጫፎቹ ለየብቻ ተዘግተዋል፣ ፖዘቲቮቹ ላይ ቋጠሮ አለ። የሪቨርስ ካሜራ ይቀራል። ለእሱ ከሪቨርስ መብራቱ 12 ቮልት መውሰድ ያስፈልጋል፤ ያንንም በአምፖል ፈትሼ ነው የምነካው።